ቧንቧ ውሃ

ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ፣ የአባቴም እንጀራ ቧንቧ፤
ሲመሽ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ጭቃ ለብሶ እንደ ካባ፤
በብብቱ ቁራጭ ብረት፣ ዝገት የበላው ቱቦ፣
«ነይ እስቲ ጣትሽን ክተቺ» ይለኛል፣ እንደ ሕፃን አቅፎት ቀርቦ።
ከተትኩ። እንደ ምላስ ለስላሳ፣ እንደ ዓሣ የሚያዳልጥ፣
ከግድግዳው ጋር የተጋባ፣ ቢፍቁት የማይመለጥ፤
ጣቴን ስስብ ይከተለኛል፣ እንደ ማር ክር እየሳሳ።
«ኤጭ፣ ቆሻሻ!» ስለው፣ ሳቀና ቱቦውን አነሳ፦
«ቆሻሻስ አይደለም ልጄ፤» አለ፣ እጁን ሱሪው ላይ እያበሰ፣
«ሰፈር ነው። ከኛ ቀድሞ የደረሰ።»

ዛሬ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤
ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ይልሳል፣ አጮልቆ ሊያየኝ።
ከአልጋ ዘጠኝ የመጣ ካቴተር፣ የጋሽ ይማም፣ ሹፌር የነበሩ፣
ሐረጎን አርባ ዓመት በኤን ትሬ ያዞሩ፣ የዞሩ፤
ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በማርሽ ብቻ የገዙ ሰው፣
ዛሬ የገዛ ሽንታቸው በቀጭን ጎማ ነው የሚፈሰው።
ጎማውን በቁመቱ ሰነጠቅሁት። መብራት አስጠጋሁ።
ያው ሰፈር። ያው ልስላሴ።
ጣቴ ቀድሞኝ አስታወሰ፤ እኔ ዘገየሁ።

መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ አስሎ እስኪነሳ ድረስ
ስልኬ ላይ ያደረ ጽሑፍ ነበረኝ፣ ያልጨረስኩት፣ ልጨርስ፦
እነዚሁኑ ባክቴሪያዎች በብልቃጥ አሽገው፣
በመንኮራኩር ወሰዱ፣ ክብደት የሚባል ከሌለበት አድርሰው፣
እንዴት እንደሚያድጉ አዩ።
እዚህ ታች፣ መሬት ስትስባቸው፣ እንደ ሰሌን ነው የሚነጠፉ፤
እዚያ ግን፣ ላይና ታች በሌለበት፣ ቆሙ፤ ምሰሶ ሆነው ተሰለፉ፤
በምሰሶው አናት ድንኳን ጣሉ፣ እንደ ሠርግ ቤት፣
ያለ ካስማ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ድግስ፣ ያለ ጎረቤት።
ጅራታቸውን የተነሱት፣ መዋኘት ያልቻሉት ብቻ
እዚያም ሰሌን ሆነው ቀሩ፣ የምድር ዘመዶቻቸው አቻ።

ስልኬን ደፋሁት። ጨለማው ውስጥ ክብደቴን አዳመጥኩት፤
ተረከዜ ላይ ነው ያለው።
ዕድሜ ልኬን ይዤው ዞርኩ፣ አንድ ቀን አልጠየቅኩት።
ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ወዶ መስሎኝ ነበር፤ ተስቦ ነው።
የጦሳ አፈርም በዚያ ክረምት የወረደው፣
አባቴ ሥሩ ጎንበስ ብሎ ቱቦ ሲያጋጥም፣ ተስቦ ነው።
ቂም ልይዝበት አልችልም፤ ቂም የሚያዝበት ፊት የለው።
እዚያ ላይ ቢሆን አፈሩ አይወድቅም፣ ይንሳፈፍ ነበር፣
አባቴም አጠገቡ፣ ፒንሳው ከእጁ አምልጦ እንደ ወፍ ሲበር።
ግን ውሃውስ? ወደ ማን ቤት፣ በየት በኩል ይወርዳል?
ያለ ስበት ቧንቧ ምን ያደርጋል? አባቴስ ምን ይሠራል?

ጄነሬተሩ ተነሳ። ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ «አልጋ ዘጠኝ፣ እድገት ታይቷል።»
እድገት ታይቷል። ስንቱ ምሰሶ፣ ስንቱ ድንኳን ውስጡ ገብቷል?
ንጋት ላይ ጋሽ ይማም «ምን አገኘሽ?» ሲሉኝ፣ «ሰፈርተኛ» አልኳቸው።
ትራሱ ላይ አስበው አስበው፣
«እንግዲያ ኪራይ ይክፈሉኛ!» ብለው ሳል አፈናቸው።

ልታጠብ ሄድኩ። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ።
ቧንቧው አስነጠሰ፤ ቀይ ተፋ፤ ነጭ ተፋ፤ ከዚያ መጣ፣ በቀጭኑ።
እጄን ታጠብኩ። ሳሙናውን አስቀመጥኩ።
ማንም አያየኝም ብዬ፣
ጣቴን ከቧንቧው ከንፈር ውስጥ ከተትኩ።